የክልክሉ ፉጨት

በዝግባ አምባ ሥርዓት ነበር። ሥርዓት የለም እያሉ የሚያሙ አሉ፤ ሐሜተኛ መቼም ከየትም አይጠፋም። የውሃ አጠጣጡን ብቻ እንኳ ብናይ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ጌታው አንበሳ ወርደው ይጠጣሉ። እርሳቸው ጠጥተው፣ ጢማቸውን ልሰው ጥላ ሲይዙ ዝሆን ይመጣሉ። ዝሆን እስኪጠግቡ ይጠጡና የተረፋቸውን ጀርባቸው ላይ ይረጩታል። ከዚያ ጎሽ ይገባል፣ ከዚያ አያ ጅቦ ከነዘመዶቹ፣ ከዚያ ከርከሮ ገብቶ ይንከባለልበታል። ከሰዓት በኋላ ጭቃው ረጋ ሲል ትንንሾቹ ይጠራሉ፤ ሚዳቋ፣ ጥንቸል፣ ጃርት፣ ቆቅ፣ ሽኮኮ። ማንም አልተከለከለም። ሁሉም እኩል ከአንድ ምንጭ ነበር የሚጠጣው፤ ልዩነቱ የሰዓት ብቻ ነበር።

ምንጩ የሚፈልቀው ከአንድ ዕድሜ ጠገብ ሾላ ሥር ነው። ድሮ ዙሪያው ቁጥቋጦና ረጅም ሣር ለብሶ ነበር። ታላላቆቹ ሲገቡ ሲወጡ ቁጥቋጦው ተሰባበረ፣ ሣሩ ተነጨ፣ ውሃውም ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄደ። ለአንበሳና ለዝሆን ይህ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አልነበረም። ከተራራው ማዶ ትልቅ ወንዝ አለ፤ እግር ያለው ሄዶ ይጠጣል። ለትንንሾቹ ግን ወንዙ ከሰማይ አይቀርብም። መንገዱ ገላጣ ነው፤ ከላይ ንስር፣ ከታች ነብር። በተለይ ለሽኮኮ፣ በዚያች አጭር እግር፣ ምንጩ ደረቀ ማለት ነገር አለቀ ማለት ነው።

ከምንጩ በላይ ባለው የድንጋይ ክምር ውስጥ ጎበዜ የሚባል ሽኮኮ ከሚስቱ ከትዋበችና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው፤ ያወጡለትም ገና ሳያዩት ነው። ጎበዜ እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ይህንንም «ሥራ» ብሎ ይጠራዋል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይችል ነበር፤ ማፏጨት። በዝግባ አምባ የሽኮኮ ፉጨት እንደ እሪታ ነው። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይደርሳል፤ ያፏጨው ጠበኛው ቢሆን እንኳ ይደርሳል። አባቶች ያቆዩት ወግ ነው፤ ከአንበሳ ዙፋንም ይቀድማል ይባላል፤ እርግጥ ይህ የሚባለው አንበሳ በሌሉበት ነው።

አንድ በጋ ውሃው ከሁልጊዜው ይልቅ ስለቀጠነ ጉባኤ ተጠራ። ታላላቆቹ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ፤ ትንንሾቹ፣ ፀሐይ ለጤና ጥሩ ነው ተብለው፣ ፀሐይ ላይ። መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ኤሊ ናቸው። አንገታቸውን አውጥተው እስኪጨርሱ ብዙ ሰው አፋሸከ።

«ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» አሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። የዚህ ምንጭ ሥሩ ሾላው ነው። ሾላው የሚቆመው ደግሞ ዙሪያው ሲለብስለት ነው። እግር ይከልከልና ሣሩ ይመለስ። ሾላው ከወደቀ ምንጩም አብሮት ይሞታል። እንግዲህ እኔ ተናግሬያለሁ።»

አንበሳ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ሲያስቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አንዳንዴም ያንኮራፋሉ። በመጨረሻ ብድግ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ከዛሬ ጀምሮ የሾላው ዙሪያ ክልክል ነው። ማንም፣ ማንም ብያለሁ፣ እንዳይገባ። ውሃ የሚጠጣው ከክልክሉ ውጭ በሚወርደው ቦይ ነው። ለጥበቃው በጎ ፈቃደኞች ይውጡ። ፈቃደኛ ያልሆነ ካለ ተነስቶ ስሙን ይንገረን።»

ማንም አልተነሳም። በዚህ አኳኋን አገሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ፈቃደኛ ሆነ፤ የውዴታ ግዴታ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ጎበዜ ብቻ ማንም ሳያስገድደው እየሮጠ ወደ ፊት ወጣ። ስለ ልጆቹ ውሃ ብሎ ነው የወጣው፤ ይህ እውነት ነው። ሁሉም እያየው መውጣቱም ደስ አሰኝቶታል፤ ይህም እውነት ነው።

«አለቃቸው አያ ጅቦ ይሁን» አሉ አንበሳ።

ከፀሐዩ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ጃርት «ሥጋን ለጅብ አደራ!» ሲል ተሰማ፤ ማን እንዳለው ሲጠየቅ ግን ዝም አለ።

«ምን ታጉረመርማላችሁ?» አሉ አንበሳ። «የሚጠበቀው ሣር ነው። ጅብ ሣር ሲበላ ያየ አለ?»

ያየ አልነበረም። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

አያ ጅቦ ተነስቶ ምስጋና አቀረበ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉ ክፉዎች አሉ» አለ። «እኔ ግን በዚህ ሹመት አንዲት ነገር አልበላም።» ይህን ሲል ሚዳቋን እያየ ነበር፤ ሚዳቋም ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ከዚያ ለየጠባቂው አንድ አንድ የወይራ ቅጠል በሐረግ እየታሰረ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለለት። ሌላው ሲሾም ጅራቱን ይቆላል። ጎበዜ የሚቆላው ጅራት ስላልነበረው መላ ሰውነቱን ቆላ።

መጀመሪያ ላይ ጥበቃው የእውነት ጥበቃ ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ጎበዜ የሚተኛበት ድንጋይ ክልክሉን ቁልቁል ያሳያል። ጃርት ሥር ሊቆፍር ብቅ ሲል ያፏጫል፤ አገር ይደርሳል፤ ጃርትም «መንገድ ስቼ ነው» እያለ ይመለሳል። ጥንቸል ስትገባ ያፏጫል። የራሱ አጎት ሣር ሊቀጥፍ ሲገባ አፏጨ፤ አጎቱ እስከ ዛሬ አላናገረውም። ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ የጎበዜን ጉልበት ማለት ነው፤ ቢሆንም ደረሰ። ቁጥቋጦው አቆጠቆጠ። ውሃውም እየሞላ መጣና ትንንሾቹ ከስንት ጊዜ በኋላ ጭቃ የሌለበት ውሃ ጠጡ።

ትዋበች አንድ ቀን ጠጥታ ቀና ስትል ውሃው ውስጥ የራሷን ፊት አየች። «አቤት፣ አርጅቼ የለም እንዴ!» ብላ ሳቀች። ጎበዜ ያን ሳቅ ሰምቶ እንባው መጣ። ለጥቅም የተሠራ ሥራ አይደለም፣ ለዚህ ሳቅ ነው አለ በልቡ። ቀጥሎም ቅጠሉን አስተካከለ፤ ቅጠሉ ደርቆ ተጠቅልሎ ነበር፤ ግን ሲተኛም አያወልቀውም።

የክልክሉ ማማር ወሬ ጥላ ሥር ደረሰ። አንድ ረፋድ ላይ ጌታው አንበሳ ከአያ ጅቦ ጋር ሲንሸራሸሩ መጡ፤ ክልክሉ ጠርዝ ላይ ደረሱ፤ ሳይቆሙም ገቡ። ለምለሙ ሣር ላይ ጀርባቸውን ጥለው ተንከባለሉ።

ጎበዜ ድንጋዩ ላይ ብድግ አለ። «ማንም ብያለሁ» ያሉት እርሳቸው ናቸው። ፉጨቱ ከሆዱ ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። ካላፏጨ ቃሉን ይሰብራል፤ ካፏጨ ቃሉን የሚናገርበትን አንገት ይሰበራል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ዝም እንዳይል ደግሞ ቦዩ ዳር የተሰበሰቡት ሁሉ እያዩት ነው። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ነገር ፉጨትም አልነበረ፣ ዝምታም አልነበረ። ለስለስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ቀና የሚል፣ ሙሽራ የሚቀበሉበት ዓይነት ድምፅ ነበር።

ቦዩ ዳር የነበሩት ቀና አሉ። የእሪታው ፉጨት እንዳልሆነ ገባቸው። ዞረው አንበሳን አዩ። በአገሩ ወግ ታላቅ ሲመጣ ተነስቶ «ኖር!» ማለት ነው፤ መጪውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱና «ኖር!» አሉ።

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ!» አሉ አንበሳ ከሣሩ ውስጥ እግራቸውን ወደ ሰማይ እንደሰቀሉ። ከዚያም ፊታቸውን አዞሩ። «ይህን ያፏጨው ማነው?»

ጎበዜ ኑዛዜ አሰበ፤ የሚናዘዘው ንብረት ግን ከቅጠሉ በቀር ትዝ አላለውም። «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ።

«ግሩም ነው!» አሉ አንበሳ።

አያ ጅቦ በዚያው ቀን ደንብ አወጣ። ሌባ ሲገባ የእሪታው ፉጨት ይፏጫል፤ የተከበረ ሲገባ የክብር ፉጨት። ጠባቂዎቹ ሁሉ ከጎበዜ ይማሩ ተባለ፤ ጎበዜም አስተማረ። እንዴት እንደሚጀመር፣ የት ላይ ቀና እንደሚል፣ አንገት ምን ያህል እንደሚጎነበስ። ያን ቀን ሲመለስ እግሩ መሬት አይነካም ነበር፤ ቀድሞም ብዙ አይነካም፣ አጭር ነውና።

ትዋበች በራቸው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አንተ፣ ዛሬ ያፏጨኸው ምንድን ነው?»

«የክብር ፉጨት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ጌታው ክልክሉ ውስጥ ገብተው የለም ወይ?»

«ገብተዋል።»

«ክልክል አይደለም ወይ?»

«ክልክል ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አፏጨሁ!»

«ሌባ ብለህ?»

«ኧረ ቀስ በይ! ኖር ብዬ ነው እንጂ።»

«አይ ጎበዜ» አለች ትዋበች፤ «አያትህ ስም ሲያወጡ ትንሽ ቢታገሱ ምን ነበረበት።»

በማግስቱ ጎሽ ገባ፤ የክብር ፉጨት ተፏጨለት። ዝሆን ገቡ፤ ተፏጨላቸው። ዝሆን ግን «ለጎሽ የተፏጨውን ነው ለእኔም ያፏጨኸው፤ እኔና ጎሽ እኩል ነን ወይ?» ብለው አኮረፉ። ዝሆን ሲያኮርፉ አገር ይጨልማል። ስለዚህ ለትልቅ ትልቅ፣ ለትንሽ ትንሽ ይፏጭ ተባለ። ጎሽ ይህን ሲሰማ «እኔስ ከማን አንሼ!» አለ፤ ለእሱም ከፍ ተደረገለት። ለእሱ ከፍ ሲል ለዝሆን ደግሞ ከፍ ማለት ነበረበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ለስላሳ የሙሽራ ድምፅ እየሳለ፣ እየጮኸ፣ ጆሮ እየበሳ ሄደ። ማንም ልብ አላለውም። ልብ የማይባለው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚጨምር ነው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው።

የተከበረውም በዛ። የአያ ጅቦ የአክስት ልጆች የተከበሩ ሆኑ። ከርከሮ የአያ ጅቦ የጡት ልጅ ነው ተባለ፤ ማን እንዳጠባው የሚያውቅ የለም። የከርከሮ አማቾች መጡ። ጃርት ሳይቀር አንድ ቀን ከርከሮን ተከትሎ ገብቶ «አብረን ነን» አለ፤ ተፏጨለት። ቦዩ ዳር ያሉት ቀኑን ሙሉ ሲነሱ ሲቀመጡ ወገባቸው ተቆረጠ፤ ውሃ ለመጠጣት ጎንበስ ሲሉ ይፏጫል፣ ተነስተው «ኖር!» ይላሉ፣ ሲቀመጡ ውሃው ደፍርሶ ይጠብቃቸዋል። ሣሩ እንደገና ተነጨ። ቁጥቋጦው ተረጋገጠ። ዝሆን ጀርባቸውን ሲበላቸው ሾላውን ተደግፈው ይታከኩ ጀመር።

ጎበዜ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ደግሞም ከማንም በተሻለ ያይ ነበር፤ ሥራው ማየት ነው። ልቡ ሲነግረው «ዛሬስ የእሪታውን አፏጫለሁ» ይላል። ከዚያ የሚገባውን ያያል። «ይህኛው ደግሞ የአያ ጅቦ ዘመድ ነው፤ የሚቀጥለው ላይ ይሁን» ይላል። የሚቀጥለውም ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ጎበዜ በዓለም ላይ ይህን ያህል ጅብ ነክ ፍጡር መኖሩን ያወቀው ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት እማማ ኤሊ የሾላውን ሥር ሊያዩ ቀስ ብለው ገቡ። ገብተው እስኪጨርሱ አያ ጅቦ ደረሰ።

«ይህቺ ማን ናት?» አለ።

«እማማ ኤሊ ናቸው» አለ ጎበዜ።

«ዘመድ አላት?»

«እንጃ።»

«እንግዲያስ ሌባ ናት። አፏጭባት!»

«አያ ጅቦ፣ እርሳቸው እኮ ምንም አልነኩም፤ እያዩ ነው…»

«አንተ ጠባቂ ነህ ወይስ ጠበቃ? አፏጭ ብዬሃለሁ!»

ጎበዜ ዓይኑን ጨፍኖ አፏጨ። የእሪታውን ፉጨት ከተወው ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር፤ ግን አባቱ እንዳስተማረው አድርጎ አፏጨው። አገር ነቅሎ መጣ። መጥተውም በሁለት ረድፍ ቆሙ፤ እማማ ኤሊን አዩና ጎንበስ ብለው በአንድ ድምፅ «ኖር!» አሉ።

«በእግዜር፣ ልጆቼ፣ በእግዜር» አሉ እማማ ኤሊ። በዕድሜያቸው እንደዚያ ተከብረው አያውቁም።

አያ ጅቦ በንዴት ተንጨረጨረ። «ደንቆሮዎች! ሌባ ናት! ይህ የሌባ ፉጨት ነው!» አለ። ሕዝቡ ተደናገጠ፤ የቆመው ተቀመጠ፣ የተቀመጠው ተነሳ። እማማ ኤሊ ተገፍተው ወጡ። ሲወጡ ከጎበዜ ድንጋይ ሥር ደርሰው ቆሙና አንገታቸውን አወጡ።

«ሥሩ ተራቁቷል፣ ልጄ» አሉ። «ሾላው አሁን የቆመው በይሉኝታ ነው። አንተም ክልክሉን ተወውና ፉጨትህን ጠብቃት።»

ያን ሌሊት ጎበዜን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ለሽኮኮ ይህ ታላቅ ነገር ነው።

በጋው ሲገፋ የዓመቱ ጉባኤ ተጠራ። ሪፖርቱን ያቀረበው ቀበሮ ነው፤ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ክልክሉን ግን አይቶት አያውቅም። «ጌታ ሆይ» አለ፤ «ጥበቃው ከተጀመረ ወዲህ ከአንዲት ኤሊ በቀር ሌባ የሚባል አልገባም። እርሷም ተይዛለች።»

ጭብጨባ ሆነ።

«ውሃው ለምን ቀጠነ ታዲያ?» አሉ አንበሳ፤ ወንዙ ዳር ጠጥተው መምጣታቸው ስለነበር የጠየቁት ለጨዋታ ያህል ነው።

«ትንንሾቹ ስለሚጠጡት ነዋ፣ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ። «ባይጠጡት ይሞላ ነበር።»

ይህም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ያኔ ጎበዜ ብድግ አለ። ንግግሩን ድንጋዩ ላይ ሆኖ ሲያጠናው ሰንብቶ ነበር። «ጌታዬ፣ ሌባው ተከብሮ ገብቷል፣ ፉጨቱም የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው፣ ሾላው ሊወድቅ ነው» የሚል ነበር። ለትዋበች ሲያሰማት «ይሄ ነው ጎበዜ!» ብላው፣ አያቱን ይቅርታ ጠይቃ ነበር። አሁን ትዋበች ከፀሐዩ በኩል አንገቷን አስግጋ ታየዋለች።

«ጌታዬ…» አለ ጎበዜ።

አንበሳ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «እ?»

«ምንጩ…»

«ምንጩ ምን ሆነ?»

ሁለተኛው ዓይንም ተገለጠ። ጎበዜ ከዚያ በፊት ሁለቱንም ባንድ ጊዜ በቅርብ አይቷቸው አያውቅም።

«ምንጩ… ያመሰግንዎታል» አለ።

ጭብጨባው ከቀድሞው ባሰ። ጎበዜ የፉጨት አለቃ ተብሎ ተሾመ፤ ሁለት ቅጠል ተንጠለጠለለት። ትዋበች ምንም አላለችም። መንገዱን ሁሉ ከፊቱ ከፊቱ ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ያ ዝምታ ነው ጎበዜን ያስጨከነው። በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ ለራሱ ማለ። «ከእንግዲህ ማንም ይግባ ማን፣ የእሪታውን ነው የማፏጨው። ቢበሉኝም ከእኔ ምን ይገኛል፣ ፀጉርና ሹመት ነው» አለ። ይህን ባለበት ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ዝሆን መጡ።

ብቻቸውን ነበሩ። ጀርባቸውን በልቷቸዋል። ሾላውን ተደግፈው ቀስ ብለው መታከክ ጀመሩ፤ በታከኩ ቁጥር ከአንዱ ጎን ሥሩ ከአፈሩ እየተነሳ ይመለሳል። ከሥሩ የምትወጣው ውሃ በዚያው ልክ ቀጥ ትልና ደግሞ ትንጠባጠባለች። ጎበዜ ውሃዋን አየ፤ ቦዩ ዳር ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆቹን አየ። አልፈራም። ፈርቶ ነበር፤ ግን ፍርሃቱን የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም። ሆዱን ነፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አፏጨ። አባቱም አያቱም እንደዚያ አፏጭተው አያውቁም። ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ፤ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማው።

አገሩም ደረሰ፤ ወግ ነውና። ሚዳቋ ልጇን ጥላ መጣች፣ ጥንቸል ጉድጓዷን ጥላ መጣች፣ ጃርት፣ ቆቅ፣ ያኮረፈው አጎት ሳይቀር መጣ። ጎበዜ ሲመጡ ባየ ጊዜ ልቡ በደስታ ሞላ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ቢጮኹ ዝሆንም ደንግጠው ይወጣሉ አለ።

መጡና በሁለት ረድፍ ቆሙ። እንደዚያ ያለ ፉጨት ሰምተው አያውቁም ነበር፤ እንደዚያ ከተፏጨ፣ የገባው እንደዚያ ያለ ትልቅ ነው። ዝሆንን አዩ። መሬት እስኪነኩ ጎነበሱና ተራራው እስኪያስተጋባ «ኖር!» አሉ።

«ኖር አይደለም!» አለ ጎበዜ፤ «ድረሱ ነው! ሾላው…» ድምፁ ግን ከጉሮሮው አላለፈም፤ ፉጨቱ ይዞት ሄዷል። እጁን አወናጨፈ። እልልታ የሚያስጀምር መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

ዝሆን የመታከካቸውን ሥራ አቋርጠው ቀና አሉ። ማንም ይህን ያህል አክብሯቸው አያውቅም፤ አንበሳም እንኳ ይህን ያህል አልተከበሩም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ክብር በጀርባ መቀበል ነውር ነው ብለው፣ ሕዝቡን ፊት ለፊት ለማየት ዞሩ። ዝሆን ሲዞሩ ከነሙሉ አካላቸው ነው የሚዞሩት።

«በእግዜር!» አሉ፤ ሾላውም ከኋላቸው ጓ ብሎ ሄደ።

ሥሩ ሲነቀል ምንጩን አብሮ ነቀለው። አፈሩ ተንዶ የምንጩ ዓይን ላይ ወረደ። አቧራው ገና ሳይረጋ፣ ከረድፉ መካከል አንዱ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ለወደቀው ሾላም «ኖር» አለ።



ጌታው አንበሳና ታላላቆቹ በዚያው ሳምንት ወደ ወንዙ ዳር ተዛወሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ እነርሱ ከተራራው ማዶ ከዞሩ በኋላ ትንንሾቹ ብዙ ደፋር ንግግር አደረጉ። የጃርት ንግግር ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ውሃ ግን አልወጣውም። ቦዩ መጀመሪያ ረጠበ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ።

ቀበሮ ከአንበሳ መልእክት ይዞ መጣ። «ጥበቃው እንዳይቋረጥ» ይላል። «ክልክሉ ዛሬም ክልክል ነው። ጎበዜም ስላሳየው ወደር የሌለው አቀባበል ከወንዙ ዳር የተቆረጠ ለምለም ቅጠል ተሸልሟል።» ቅጠሉ ሰፊ ነበር፤ ጫፉ ላይ ገና ወዝ ነበረው። ቀበሮ አንገቱ ላይ አሰረለትና ሄደ።

ጎበዜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ትዋበች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከጉባኤው ወዲህ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነው።

«አምጣው» አለችው።

«ምኑን?»

«ሹመትህን።»

ፈትቶ ሰጣት። በጥርሷ እየቆረጠች ለልጆቹ አካፈለች፤ ለራሷ ጫፉን ወሰደች፤ ለእሱ የቅጠሉን ዘንግ ሰጠችው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። ጎበዜ ሹመቱን እስከ መጨረሻው አኘከ፤ እርጥበቱ ግን ምላሱን አልፎ አልወረደም።

«ተነስ እንግዲህ» አለች ትዋበች። «ወንዙ አይመጣልን፣ እንሂድ።»

ጎበዜ ገላጣውን መንገድ አየ፤ ከመንገዱ በላይ የሚዞረውን ጥቁር ነጥብም አየ። ድምፁ ትንሽ ትንሽ መመለስ ጀምሯል። ልጆቹን ሰበሰበ። ሁሉም ነፍስ ያወቁት ከክልክሉ ወዲህ ነው፤ ከዚያ ሌላ ዘመን አያውቁም።

«ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ» አላቸው። «በመንገድ ላይ ንስር ይመጣል። እኔ አይቼ አፏጫለሁ። ፉጨቴን ስትሰሙ የምታደርጉትን አሁን እንለማመድ።»

አባቱ እንዳስተማረው አድርጎ አፏጨ።

ልጆቹ ባሉበት ቀጥ ብለው ተነሱ፤ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ አሉና በአንድ ድምፅ «ኖር!» አሉ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ አፌን በውሃ አርሱ።